በመሳቢያ የቀረችው ካሜራ

በቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ከሠርጋችሁ ዘመን የተረፈች ትንሽ ዲጂታል ካሜራ አለች? ካለች ለልጅ መጫወቻ ከመስጠታችሁ በፊት ጥቂት እንነጋገር።

ለምሳሌ ካኖን በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያወጣትን ዲጂታል ኢክሰስ እንውሰድ። በአሜሪካ ፓወርሾት ኤስ100 ትባል ነበር። በሸሚዝ ኪስ የምትገባ፣ 190 ግራም ያህል የምትመዝን፣ ባለ 2.1 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ናት። ትልቁ ፎቶዋ 1600 በ1200 ነጥብ አለው። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ይስቅባት ይሆናል፤ ሆኖም 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ የአልበም ፎቶ ይህ ይበቃል። ችግሩ ካርዱ ነበር። አብሯት የሚመጣው 8 ሜጋ ባይት ብቻ ስለ ነበር በከፍተኛው ጥራት ከአሥር የማይበልጡ ፎቶዎችን ነው የሚይዘው። ቦታ እንዳያልቅበት የሰጋ ሰው ጥራቱን ወደ 640 በ480 ዝቅ ካደረገ፣ ነጥቦቹ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳሉ። የሙሽሪት ፊት ሲታተም የሚደበዝዘው በዚህ ሊሆን ይችላል፤ ኋላ ማጉላት አይመልሰውም።

ሌንሷም የሚያቀርበው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈው ዲጂታል ዙም መሐሉን ቆርጦ ማስፋት ነው። ፍላሹ ከጥቂት ሜትር አያልፍም፤ ከኋላ ወንበር ሆነው መድረኩን ያነሡ ወገኖች ጨለማ ይዘው የተመለሱት ለዚህ ነው!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ካርዷ ኮምፓክት ፍላሽ ይባላል፤ 43 በ36 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በላፕቶፕ የኤስዲ ካርድ ቀዳዳ አይገባም። የራሱን ካርድ ሪደር ፈልጉ። ፎቶው በካርዱ ውስጥ የተቀመጠው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ይህም በዓመታት ብዛት ሊሳሳ ይችላል። ስለዚህ አታዘግዩት። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ እሺ አትበሉ፤ ባለሙያ አማክሩ።

እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ አሥራ ሁለት ድንጋይ ያነሡት ልጆቻቸው አንድ ቀን ስለሚጠይቁ ነበር (ኢያሱ 4)። የእናንተም ልጆች ይጠይቃሉ። ባልና ሚስት አንድ ምሽት አብራችሁ ተቀመጡና ያጋባችሁን መጋቢ፣ የዘመሩትን መዘምራን፣ ወደ ጌታ የሄዱትን ሽማግሌዎች በስም እየጠራችሁ ጻፉ። ፎቶዎቹን በሁለት ቦታ ቅዱ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይቀመጥ። የካሜራዋ ሰዓት ያኔ በትክክል ካልተሞላ ፎቶው ላይ ያለው ቀን ስሕተት ሊሆን ስለሚችል፣ ከሠርግ ጥሪ ካርዳችሁ ጋር አመሳክሩት።