በሒሳቡ መሐል የሚጠፋው ገንዘብ

ነገ በየባንኩና በየመድን ድርጅቱ ገብተን ፕሮግራም የምንጽፍ ተማሪዎች አንድ ነገር አጥብቀን ልናስብበት ይገባል። ይኸውም ኮምፒዩተር ወደ መጨረሻው ውጤት ከመድረሱ በፊት መሐል ላይ ቆርጦ የሚጥለው አሃዝ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 10,000 ብር በ7 ከመቶ የዓመት ወለድ ለ90 ቀን የተቀመጠ እንደሆነ ወለዱ 172 ብር ከ60 ሳንቲም ነው። ይህንኑ በኮቦል ስንጽፍ አስቀድመን 0.0700ን ለ365 ብናካፍልና ኮምፓይለሩ ለመሐሉ ውጤት ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ብቻ ቢይዝ የሚቀረው 0.0001 ነው። ይህም በገንዘቡና በቀኑ ሲባዛ ወለዱ 90 ብር ይሆናል! በመጨረሻ «አጠጋጋ» ብለን ብናዝም አይረዳም፤ የተቆረጠው አስቀድሞ ጠፍቷልና። አባዝተን ኋላ ብናካፍል ግን 172 ብር ከ60 ሳንቲም በትክክል ይወጣል።

የመቁረጥ ጣጣ በወሬ ብቻ የቀረ አይደለም። በካናዳ የቫንኩቨር አክሲዮን ገበያ ጠቋሚ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1982 ከ1000 ተነሣ። በየስሌቱ ከሦስተኛው አሃዝ ወዲያ ያለው ሳይጠጋጋ ስለተቆረጠ በኖቬምበር 1983 ወደ 524.811 ወርዶ ተገኘ፤ ቢታረም 1098.892 ሆነ።

አንዳንዶች «ይህ የኮምፓይለሩ ሠሪ ጉዳይ ነው» ይላሉ። እኛ አንስማማም። እ.ኤ.አ. በ1959 የኮቦል ሥራ ሲጀመር ዓላማው አንዱ ፕሮግራም በልዩ ልዩ ሠሪዎች መኪና ላይ እንዲሠራ ነበር። ነገር ግን ፕሮግራመሩ ካልወሰነ የመሐሉ ስሌት አያያዝ ዛሬም ለሠሪው የተተወ ነው። የ2002ቱ ደንብ ለሁሉም አንድ የሆነ የስሌት ሥርዓት የሚታዘዝበትን መንገድ ከፈተ፤ የ2014ቱም የመሐሉ ውጤት እንዴት እንደሚጠጋጋ መወሰኛ ጨመረ። መሣሪያው እያለ ዝም ማለት የሰውን ገንዘብ ለዕድል መስጠት ነው።

ስለዚህ በመሐል ስንት አሃዝ እንደሚያዝ፣ የትም ላይ እንደሚጠጋጋ፣ ማንም እንደወሰነው ፕሮግራሙ ሳይጀመር በጽሑፍ ይስፈር፤ ውጤቱም በእጅ ከተሠራ ሒሳብ ጋር ይመሳከር። ደብተሩን ይዞ በመስኮቱ የሚቆመው አስቀማጭ ስለ ኮምፓይለር አያውቅም፤ ሊያውቅለት የሚገባው ጸሐፊው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!