አንቀጽ 51 የሚጠይቀው ባለሙያ

የትምህርት ክፍል ምርጫ ሰሞን በደረሰ ቁጥር ሳይኮሎጂ ሊማሩ ያሰቡ ወጣቶች ያማክሩኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጥያቄያቸው ጠበብ ብሏል፤ «ፎረንሲክ ሳይኮሎጂ ሥራ አለው ወይ?» ይላሉ። ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። በተከታታይ ፊልሙ ላይ ባለሙያዋ የሟችን ፎቶ አየት አድርጋ «ገዳዩ ግራኝ ነው፣ እናቱን ይጠላል» ትላለች፤ ፊልሙ ሳያልቅ ሰውየው ይያዛል። መቼስ ፊልም ነው።

እውነተኛው ሥራ ብዙውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው። የቆየ የሕክምና ካርድ ማገላበጥ፣ ቤተሰብ ማነጋገር፣ የሥነ ልቦና መመዘኛ መስጠት፣ ከዚያ ዳኛው አንብቦ የሚረዳው ሪፖርት መጻፍ። ሲጠሩም ችሎት ቀርቦ በመስቀለኛ ጥያቄ መፈተን አለ።

ሥራ አለው ወይ ላሉት መልሴ ይህ ነው፦ ሕጉ ላይ አለ፤ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ግን እስካሁን አላየሁም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 48፣ አንድ ሰው ድርጊቱን ሲፈጽም በሕመም ወይም በመሰል ምክንያት የሚያደርገውን መረዳት፣ ወይም በተረዳው መጠን ራሱን መግዛት ካልቻለ ኃላፊ አይሆንም ይላል። አንቀጽ 49 በከፊል ኃላፊ የሚሆነውን ይመለከታል። አንቀጽ 51 ደግሞ በተከሳሹ ኃላፊነት ላይ ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የልዩ አዋቂ ማስረጃ እንዲቀበል ያዛል። ልብ በሉ፣ «ቢፈልግ» አላለም። ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ካሳየ፣ ወይም ሥር በሰደደ የመጠጥና የዕፅ ሱስ ከተያዘ ባለሙያ መጠየቁ ግድ ነው።

«እብድ ነኝ ብሎ አመለጠ» የሚባል ወሬ አለ። ሕጉ ግን እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ብሎ አያሰናብትም፤ ፍርድ ቤቱ በተቋም እንዲቆይ ወይም እንዲታከም ሊያዝ ይችላል። ደግሞም ጥያቄው ዛሬ ታሟል ወይ አይደለም። የዛሬ ስምንት ወር በዚያች ሌሊት ምን ይገነዘብ ነበር የሚል ነው። ይህን ወደ ኋላ ሄዶ ማጣራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

በተግባር ፍርድ ቤቶቻችን ተከሳሹን የሚልኩት ወደ ሆስፒታል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በአብዛኛው ወደ አማኑኤል። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ደግሞ በር ላይ የተሰለፈ ሕመምተኛ አለባቸው። ተራው እስኪደርስ መታከም የነበረበት ሰው ታስሮ ሊቆይ ይችላል፤ የተበዳይም ቤተሰብ ፍርድ ይጠብቃል። ይህ ወረፋ ሁለቱንም ይጎዳል።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ሐኪም ስላልሆነ አይመሰክርም የሚሉ አሉ። አሜሪካ ውስጥም ይሄው ተብሎ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጄንኪንስ ጉዳይ፣ የሕክምና ዲግሪ አለመኖር ብቻውን አያግድም፣ የሚታየው የባለሙያው ሥልጠናና ዕውቀት ነው ብሎ ወሰነ። የአገሪቱ የሳይኮሎጂ ማኅበር ፎረንሲክን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ያወቀው ግን ገና በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። አርባ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

ሥራው በተከሳሽ ብቻም አያበቃም። ልደታ በሚገኘው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ተበዳይ ሕፃናት በተለየ ክፍል ሆነው ጥያቄው በሌላ ሰው በኩል ይደርሳቸዋል፤ ችሎቱ በስክሪን ይከታተላል። መልካም ጅምር ነው። ያ መሃል ላይ ያለ ሰው ግን አጠያየቁ መልሱን እንደሚለውጥ ማወቅ አለበት። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም አይተው ፍጥነቱን ገምተዋል። «ሲነካኩ» ተብለው የተጠየቁት በሰዓት 32 ማይል ገደማ፣ «ሲላተሙ» የተባሉት 41 ማይል ገደማ አሉ። አዋቂን እንዲህ ካደረገ የሰባት ዓመት ልጅ «እሱ ነው አይደል የነካሽ?» ስትባል ምን ልትል ነው? በዚያ መልስ የሚታሰር ሰው አለ፤ መልሷ በመበላሸቱ የሚለቀቅም አለ።

ባለሙያ ከየት ይምጣ? የሳይካትሪውን ታሪክ እናስታውስ። ሐኪሞቻችን ለስፔሻላይዜሽን ውጭ ይሄዱ ነበር፤ ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሥልጠናውን እዚሁ ጀመረ፤ የካናዳ መምህራን ለአንድ ወር ያህል በየተራ እየመጡ አስተማሩ። ዛሬ ሠልጣኞቹ ራሳቸው አስተማሪ ሆነዋል። ለፎረንሲክ ሳይኮሎጂም ይሄው መንገድ ይሠራል፤ ግን ፍርድ ቤቶችና ማረሚያ ቤቶች መጀመሪያ ጥቂት የሥራ መደብ ይክፈቱ። መደብ በሌለበት ማን ልጁን ያስተምራል?

ለወጣቶቹ የምላቸው፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ሳይኮሎጂ ተማሩ፣ ቀጥሎ ክሊኒካሉን ያዙ፣ የወንጀል ሕጉን ገዝታችሁ አንብቡ። ችሎት በመርህ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ገብታችሁ ተቀመጡ። አማርኛችሁንም አሳምሩ እላለሁ። ይሄን ስል ይስቃሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የፌዴራል ችሎቱ በአማርኛ። ሪፖርት ላይ «ዴሉዥን አለበት» ተብሎ ቢጻፍ ዳኛው ምን ይረዳል? «ጎረቤቱ ሊመርዘው እንደሚፈልግ ያለ ማስረጃ አጥብቆ ያምን ነበር፤ ቤተሰቡም ሊያስረዱት ሞክረው አልቻሉም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው ችሎቱ የጎደለው።