ማስረጃው የት አለ?



በቡና መሬት ድንበር ተካስሶ የሚያውቅ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። ከሳሽ ማስረጃውን ከክሱ ጋር አያይዞ ያስገባል። የጎደለ ካለ ዳኛው «አቅርብ» ብለው ቀጠሮ ይሰጡታል። በቀጠሮው ባዶ እጁን ከመጣ፣ ዝናቡንና ጭቃውን ቢያመካኝም፣ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ሊባል ይችላል። ይህን በደል አንለውም። ሰውን ፍርድ ቤት ያቆመ ሰው የያዘውን ማሳየት አለበት።

በዲናችንም ማስረጃ የከሳሽ ዕዳ ነው። ዑለሞቻችን ሲያስተላልፉት የኖሩትን የሰይዲና ዓሊን ታሪክ የመድረሳ ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል። ኸሊፋው የጠፋ ጥሩራቸውን ሙስሊም ባልሆነ ሰው እጅ አይተው ቃዲ ሹረይህ ዘንድ ከሰሱ። ቃዲው ምስክር ጠየቋቸው። ልጃቸውን ሐሰንን ቢያቀርቡ «ልጅ ለአባቱ አይመሰክርም» ተባሉ። አገር የሚገዛው ኸሊፋ በገዛ ሹመኛቸው ፊት ተረቱ፤ ጥሩሩም ለተከሳሹ ተፈረደ።

የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴያችን መዝገብ ግን እንዲህ አልታየም። ወንድሞቻችን ሐምሌ 2004 ታሰሩ፤ ጥቅምት 2005 በፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 ተከሰሱ። የአዋጁ አንቀጽ 23 የደኅንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት መንገድ ባይገለጽም በማስረጃነት እንዲቀርብ ይፈቅድ ነበር። ምንጩ ያልታወቀን ወሬ ጠበቃ በምን ይመረምረዋል? ጥር 2005 ችሎቱ ለሕዝብ ተዘጋ። በዚያው ወር መጨረሻ ኢቲቪ «ጅሃዳዊ ሐረካት» ብሎ እስረኞቹን ፍርድ ሳያገኙ በመስኮቱ አሳያቸው። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ኡስታዝ አቡበከር አሕመድ፣ ኡስታዝ አሕመዲን ጀበል፣ ኡስታዝ ያሲን ኑሩና ካሚል ሸምሱ 22 ዓመት ከተበየነባቸው ናቸው።

የመሬት ክርክርና የወንጀል ክስ ይለያያሉ የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይለያያሉ። በአንዱ የሚወሰደው ማሳ ነው፤ በሌላው የሰው ዕድሜ። ታዲያ ማስረጃው መጥበቅ የነበረበት በየትኛው ነው?

ያኔ የጠየቅነው ግልጽ ነበር፦ በይግባኝ መዝገቡ በግልጽ ችሎት ይታይ፤ ምንጩ ያልተነገረ ሪፖርት ከመዝገቡ ይውጣ፤ ወንድሞቻችን ይፈቱ የሚል። ጥያቄያችንን ያቀረብነው በሰላም ነበር። በመጪው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ለእነሱና ለቤተሰቦቻቸው ዱዓ እናድርግ።

ሳንረሳው ደግሞ፣ የየመስጂዱ ቦታ ካርታና ደብዳቤዎች በአንድ ሰው ሳጥን ብቻ አይቀመጡ። ቅጂያቸው በጀመዓው እጅ ይኑር፤ ነገ «አቅርቡ» የምንባለው እኛ ልንሆን እንችላለን።