የመጀመሪያ ቤት፤ ስለ አበዳሪውና ስለ ውሉ

ሰው ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መጠለያ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ቤት መመኘት አንድ ነገር ሲሆን፣ የቤት መግዣ ገንዘብ ማግኘትና የተገዛውንም ቤት በሕግ የራስ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ትምህርቱን ጨርሶ፣ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሆሞሻ ሥራ የያዘ አንድ ወጣት ሹም፣ በየወሩ ኪራይ ከሚከፍል ይልቅ የራሱ ቤት ቢኖረው እንደሚሻል ማሰቡ አይቀርም። ይልቁንም የኩርሙክ የወርቅ ማዕድን ሥራ ከተጀመረ ወዲህ በዚያ አቅጣጫ ሠራተኛ ሲበዛ ቤት ፈላጊውም አብሮ እንደሚበዛ የታወቀ ነው። እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ማን ያበድረዋል? ገንዘቡስ ከተገኘ በኋላ ቤቱ የእርሱ መሆኑ በምን ይረጋገጣል?

በአገራችን ለቤት የሚሆን የረጅም ጊዜ ብድር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ በኋላ፣ ቀድሞ የነበሩት የቤት አበዳሪ ድርጅቶች ተዋሕደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። ይኸው ባንክ ኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በግል ባለሀብቶች የቆመው ጎህ ቤቶች ባንክ በተለይ ለቤት ማበደርን ሥራው አድርጎ ተነሣ። ሌሎቹ ባንኮችም ለቤት ያበድራሉ፤ ነገር ግን ከንግድና ከውጭ ዕቃ ማስመጣት ብድር ቀጥሎ እንጂ አስቀድሞ አይደለም።

ምክንያቱ ስስት ብቻ አይደለም። ባንክ የሚያበድረው ሕዝብ ያስቀመጠውን ገንዘብ ነው፤ ያስቀመጠው ሰው ነገ ሊወስደው ይችላል፤ የቤት ብድር ግን 15 እና 20 ዓመት ይቆያል። ይህን ችግር ሌሎች አገሮች በየበኩላቸው ሲታገሉት ኖረዋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1775 በበርሚንግሃም ከተማ ሰዎች ተሰብስበው እንደ ዕቁብ ገንዘብ እያዋጡ ለአባላቱ ቤት የሚሠራ ማኅበር አቋቋሙ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1934 መንግሥት ለቤት ብድር መድን በመግባቱ የአጭር ጊዜ የነበረው ብድር ረጅም ሊሆን ቻለ። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2018 ለባንኮች የረጅም ጊዜ ገንዘብ የሚያቀርብ ኩባንያ አቁማለች። በእኛ አገር ግን ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲል የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ፤ ልኩን በኋላ ከፍ ቢያደርገውም፣ ገንዘብ ሲያጥር ወደ ኋላ የሚባለው የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛው ሰው ነው።

የሆሞሻው ወጣት አሶሳ ካሉት የባንክ ቅርንጫፎች ደጅ ከመቆሙ በፊት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚገዛው ሕንጻውና በቦታው ላይ ያለው የይዞታ ወይም የሊዝ መብት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር መያዣ እንዲያደርግ ቢፈቅድለትም፣ ይህ ማለት የገጠር ቦታ በገበያ ይሸጣል ማለት አይደለም። ስለዚህ በከተማው ፕላን ውስጥ የሌለና የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያልተሰጠው ቦታ ላይ የቆመ ቤት፣ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ለባንክ መያዣ አይሆንም። በቀርከሃና በሣር የተሠራውም ቤት ለነዋሪው ምቹ ሆኖ ሳለ፣ የባንክ መሐንዲስ ግምት የሚሰጠው ብዙ ዘመን ለሚቆይ ሕንጻ ነው። አበዳሪ የሚገኘው ካርታው ባለበት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡን መመርመር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት የሚከፈል ብንወስድ፣ በየወሩ 13,900 ብር ያህል ይከፈላል፤ ጠቅላላው 3 ሚሊዮን 340 ሺህ ብር ይደርሳል። ይኸው ብድር በ10 ዓመት ቢከፈል ወርኃዊው 16,750 ብር ያህል ሲሆን ጠቅላላው ከ2 ሚሊዮን ብር እምብዛም አይበልጥም። በወር 2,850 ብር ያህል መጨመር በመጨረሻው ከ1 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር በላይ ያድናል ማለት ነው። ስለዚህ ተበዳሪ ወለዱን ብቻ ሳይሆን የጊዜውን ርዝመት፣ ወለዱ በመካከል ይለወጥ እንደሆነና ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት ይኖር እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

በሆሞሻና በአካባቢዋ ያለው የበርታ ሕዝብ አብዛኛው እስላም በመሆኑ፣ በወለድ መበደርን የማይፈቅድ ሰው ብዙ ነው። ለዚህም መንገድ አለ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት እንዲሰጡ ተፈቅዷል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ሙራባሃ በሚባለው ውል ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ትርፉን በግልጽ ጨምሮ ለደንበኛው በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጥለታል። ጠቅላላ ዋጋው ከመጀመሪያው ተቆርጦ ስለሚታወቅ፣ ከወለዱ ብድር ጋር ለማመዛዘን የሚቻለው በጠቅላላ ክፍያው ነው።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው በዚህ ላይ እውነትነቱ ይታያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ፈራሽ መሆኑን፣ በቁጥር 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ዘንድ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በመንደር ሽማግሌ ፊት ተጽፎ ቀብድ የተቀበሉበት ወረቀት፣ ሽማግሌዎቹ የተከበሩ ቢሆኑም ቤት አያስተላልፍም።

ገዢው አስቀድሞ ካርታው በማን ስም እንዳለ፣ ዕዳና እገዳም እንደሌለበት ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ፣ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረት የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥና መያዣ እንዳይሆን ስለሚል፣ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። የስም ማዛወሪያውን ቀረጥና የመሐንዲሱን ክፍያ ማን እንደሚችል በውሉ ይግባ። ዋጋው በእውነት ይጻፍ፤ ቀረጥ ለመቀነስ ተብሎ አሳንሶ የጻፈ ሰው፣ ሽያጩ ቢፈርስ የከፈለውን ሁሉ ማስመለስ ይቸግረዋል። ገንዘቡም ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን በባንክ ይተላለፍ።

የመያዣው መብት በሕጉ ቁጥር 3052 መሠረት የሚጸናው በመዝገብ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ነው። ተበዳሪው ከፍሎ ሲጨርስም ካርታውን መቀበሉ ብቻ አይበቃም፤ መያዣው ከመዝገቡ መሰረዙን አይቶ መመለስ አለበት። ካልከፈለ ግን፣ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። በመያዣ ውል ላይ የሚፈረመው ይህን አውቆ መሆን አለበት።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት የሆሞሻን ወጣት ቤት አልባ ያደረገው የባንክ እጥረት ብቻ አይደለም። ባንክ ቢበዛም መዝገብ የሌለበት ቦታ ብድር አይደርሰውም። የትንንሽ ከተሞች ቦታ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ፣ ካርታው በጊዜው ቢሰጥ፣ አበዳሪው ራሱ ተከትሎ ይመጣል። በመዝገብ ቤቱ ወንበር ላይ የሚቀመጠውም ብዙውን ጊዜ ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ወጣት ሹም ነውና፣ የሌላውን ፋይል በወቅቱ ሲጨርስ ለራሱ ቤት መንገድ እየጠረገ መሆኑን ቢያስተውል መልካም ነው።