የተኳሉት ወይዛዝርትና የአያቴ ቤት

ባለፈው ክረምት በካናዳ አገር፣ በቶሮንቶ ከተማ ከምትኖረው አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ወደዚያ የሄደ ሐበሻ ሁሉ የናያግራን ፏፏቴ ሳያይ አይመለስምና፣ እኛም አንድ ቅዳሜ ምሳችንን ቋጥረን ተነሣን። ስለ ፏፏቴው ግን አልጽፍም፤ ያየው ሁሉ ጽፎለታል። እኔ የምጽፈው አክስቴ እግራችንን እንድናፍታታ ብላ መኪናዋን ስላቆመችበት፣ ግሪምስቢ ቢች ስለሚባለው ሰፈር ነው።

ሰፈሩ በኦንታሪዮ ሐይቅ ደቡባዊ ዳር ይገኛል። ቤቶቹ ጠባብ የእንጨት ቤቶች ናቸው፤ አንዱ ሐምራዊ፣ ሌላው ብርቱካንማ፣ ሌላው ደግሞ ሰማያዊ በሮዝ። የበረንዳው ጠርዝና የጣራው ክፈፍ እንደ ቀሚስ ጥልፍ ተፈልፍሏል። ያገሩ ሰው የሚጠራበት ስም በእኛ ቋንቋ «የተኳሉ ወይዛዝርት» እንደ ማለት ነው።

በ1859 እ.ኤ.አ. የሜቶዲስት ምእመናን በዚህ ቦታ ከዛፍ ሥር ለጸሎት መሰብሰብ ጀመሩ፤ የሚያድሩትም በድንኳን ነበር። ኋላ ድንኳን በተተከለበት ቁራሽ መሬት ላይ ትንንሽ ቤቶች ሠሩ፤ የቤቶቹም ጠባብነት ከዚህ የመጣ ነው። በ1888 ብዙ ሺህ ሰው የሚይዝ ባለ ጉልላት አዳራሽ አቆሙ፤ እርሱ በ1922 ፈረሰ። ከ1910 በኋላ ስፍራው የመጫወቻ መናፈሻ ሆነ፤ ይኸም ቀረ። በ1914ና በ1927 የተነሣው እሳት ብዙዎቹን ጎጆዎች በላ። ትልልቁ ሁሉ ጠፍቶ ከትንንሾቹ የተረፉት እስከ ዛሬ የቆሙት፣ በበኩሌ እንደሚመስለኝ፣ ሰው ስለ ኖረባቸው ነው።

ይኸን የተረዳሁት በኀፍረት ነው። ስልኬን አውጥቼ አንዱን መስኮት ፎቶግራፍ ላነሣ ስል፣ ከውስጥ አንድ ሕፃን ማንኪያ ይዞ አፍጥጦ ያየኛል። ለካ የሰው ቤት ነው! ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩ።

ያን ጊዜ በፒያሳ አካባቢ የነበረው የአያቴ ቤት ትዝ አለኝ። የእርሱም በረንዳ የተፈለፈለ እንጨት ነበረው። በ2016 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ አብሮ ፈረሰ። አሥራ ስድስት ዓመት ስወጣ ስገባበት ኖሬ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አላነሣሁትም፤ ያለን አንድ የሠርግ ሥዕል ብቻ ሲሆን፣ በእርሱም ላይ በረንዳው ከሚዜዎቹ ራስ በላይ በጥቂቱ ብቅ ይላል።

ይኸን ለአክስቴ ብነግራት ሳቀች። «አንተ በረንዳውን ታስታውሳለህ፤ እኔ ጣራው ሲያፈስ የምንደቅነውን ባልዲ ነው የማስታውሰው» አለችኝ። እውነትዋን ነው። መጸዳጃውም ለስድስት ቤተሰብ አንድ ነበር። አያቴ ዛሬ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው የሚያመሰግኑት ስለ ቧንቧው ነው፤ የሚያለቅሱት ግን ስለ ጎረቤቶቻቸው።

ስለዚህ አሮጌ ቤት ሁሉ ይጠበቅ አልልም። ቀለም የሚቀባ ሰው ነገም በቤቱ እንደሚያድር ማወቅ አለበት። የአያቴ ቤት በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ተብሎ የቀበሌ ከሆነ ወዲህ ግን፣ ተከራዩ «የእኔ አይደለም» ሲል፣ አከራዩም ከጥቂት ብር ኪራይ ማደሻ አላገኘም። እንጨቱ የበሰበሰው እኛ ሁላችን እያየን ነው።

ባልንጀሮቼን የምለምነው አንድ ነገር አለ። ከቀሩት ቤቶች እያንዳንዳችን አንድ እንያዝ፤ ባለቤቶቹን አስፈቅደን ፎቶግራፍ እናንሣ፣ በረንዳውን እንለካ፣ በውስጡ ያረጁትን ሰዎች እንጠይቅ። የሥዕል መምህራችን አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡን፣ ወላጆችም የድሮ አልበማቸውን ቢከፍቱልን ሥራው ከባድ አይሆንም።

እኔ በበኩሌ ጀምሬአለሁ። ባለፈው እሑድ የአያቴን በረንዳ ከትዝታዬ በእርሳስ ሥዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱና «ምሰሶው አራት ነበር፤ አንዱን ወዴት አደረስከው?» አሉኝ።