ዳር ይረክሳል ያለን ማን ነው?

አዲስ አበቤ ኑሮ ሲከብደው የሚጽናናበት አንድ ቃል ነበረው። «ዳር ልውጣ» ይል ነበር። ፒያሳ ባይቻል አያት ይቻላል፤ ካዛንቺስ ቢወደድ ሰሚት ይረክሳል፤ መንገዱ ቢርቅም ኪስ ያርፋል ይባል ነበር። ጎበዝ፣ ያ ቃል ዛሬ አይሠራም! መገናኛን አልፎ ወደ ምሥራቅ የሚወጣ ሰው ከሲኤምሲ እስከ አያት፣ ከሰሚት እስከ ጎሮ የሚያገኘው ርካሽ ዳር ሳይሆን ሌላ ውድ መሀል ነው። እንዴት ነው ነገሩ? ዳር ይረክሳል ያለን ማን ነው?

ሰፈሩን ከመኪና መስኮት የሚያይ ሰው «የሀብታም ሰፈር ነው፤ ቢወደድስ ማን ተጎዳ?» ይል ይሆናል። ቪላው አለ፣ ፎቁ አለ፣ አጥሩ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ አለ። ግን ከቪላው ጀርባ ሰርቪስ አለ። በየሰርቪሱ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የባንክ ሠራተኛው አንዳንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። በሩ ላይ ዘበኛው አለ፤ ማጀት ውስጥ ሠራተኛዋ አለች። በየኮንዶሚኒየሙ የባንክ ዕዳውን በየወሩ የሚገፋ ደሞዝተኛ አለ። እኔም ከነዚሁ ሰርቪሶች በአንዱ ተከራይ ነኝና የምጽፈው በወሬ ሰምቼ አይደለም። ሱቁ ሽንኩርት ሲሸጥ ለባለቪላው ሌላ፣ ለዘበኛው ሌላ ዋጋ የለውም። የሰፈሩን ዋጋ የሚቆርጠው ባለመኪናው ነው፤ የሚከፍለው ግን ባለእግሩም ጭምር ነው።

ታዲያ ይህ ውድነት ከየት መጣ? «ነጋዴው ስግብግብ ስለሆነ ነው» የሚለው የባለሥልጣናቱ መልስ ሰልችቶናል። ስግብግብ ነጋዴ የለም አልልም፤ ሞልቷል። ነገር ግን የዚህ ሰፈር ውድነት ሥሩ ሌላ ነው። መንግሥት መሬቱን ሸጠልን፤ ከተማውን ግን አላስረከበንም። ውሃውን፣ ትራንስፖርቱን፣ ትምህርት ቤቱን እያንዳንዱ ነዋሪ በየግሉ እንደገና ይገዛል። አንድ ጊዜ በግብር፣ አንድ ጊዜ በኪስ፣ ሁለቴ እንከፍላለን ማለት ነው!

ከመሬቱ እንጀምር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይባላል። በተግባር ግን የከተማ መሬት የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80 ከወጣበት ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ለጨረታ የሚያቀርበው ባለሱቅ አንድ ነው፤ እሱም መንግሥት ነው። ባለሱቁ አንድ ሲሆን ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም። የሊዙ ዋጋ ቤቱ ላይ፣ የቤቱ ዋጋ ኪራዩ ላይ፣ የኪራዩ ዋጋ ደግሞ ዳቦውና ማኪያቶው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ በሰፈራችን ዳቦ የገዛ ሁሉ፣ ቤት ባይኖረውም፣ ሳያውቀው ሊዝ እየከፈለ ነው።

ውሃውንስ አይተናል? ከአያት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢቀጥሉ፣ ለገጣፎን አልፎ የለገዳዲ ግድብ አለ። ከተማውን ለብዙ ዓመታት ያጠጣ ግድብ ነው። ለግድቡ ቅርብ የሆነው ሰፈር ግን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ባለቪላው ሮቶ ይተክላል፣ ፓምፕ ይገጥማል፣ ሲጠፋም ቦቴ ያስመጣል። አራተኛ ፎቅ ያለው ኮንዶሚኒየምተኛ ጀሪካን በትከሻው ያወጣል፤ ጉልበት ከሌለው ለተሸካሚ ይከፍላል። የሰርቪስ ተከራይ ደግሞ አከራዩ ቧንቧውን የሚከፍትበትን ሰዓት ይጠብቃል። የውሃ ቢሉ ላይ የሚታየው ሒሳብ ትንሽ ነው። የጀሪካኑ ወጪ ግን ቢል ላይ አይጻፍም፤ የመንግሥት ሪፖርት ላይም አይገባም።

ትራንስፖርቱም ያው ነው። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ከአያት ጦር ኃይሎች ሥራ ሲጀምር ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ሰፈሩ እፎይ አለ። ዳር ወጥቶ መኖር የሚቻል መሰለ። እፎይታው ግን አልዘለቀም። መለዋወጫ ታጣና ባቡሮቹ አንድ በአንድ ቆሙ፤ በ2015 ዓ.ም. ከ41ዱ ከግማሽ በላይ ከሥራ ውጪ ነበሩ። ሕዝቡ ወደ ሚኒባስ ሰልፍ ተመለሰ። እዚያ ደግሞ ነዳጅ ጠበቀው። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር አለፈ። ታሪፉ ሲጨመር ጨመረ እንበል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የማይጻፈው ጭማሪ ግን መንገድ መቆራረጥ ነው። ከአያት መገናኛ መጫን የነበረበት ታክሲ በሥራ መውጫ ሰዓት «ሲኤምሲ ድረስ!» ይላል። ወርደህ ሌላ ትይዛለህ። አንድ መንገድ፣ ሁለት ሒሳብ! ተቆጣጣሪው የት ነው? ሰልፉን ሲያስተካክል ነው፤ ረዳቱ ምን ያህል እንደተቀበለ ግን አይጠይቅም።

ልጅ ያለው ደግሞ የባሰበት ነው። በየዓመቱ ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ የግል ትምህርት ቤቶች ወላጅ ይጠራሉ። ስብሰባው «ውይይት» ይባላል፤ የሚያልቀው ግን በጭማሪ ነው። ክፍያው ላይ መመዝገቢያ አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ ሰርቪስ መኪና አለ። «የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገባው» ማለት ቀላል ነው። ክፍሉ የታጨቀበት ወላጅ ግን ምርጫ አለው አይባልም።

ወደ ኪራዩ ልምጣ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የምክር ቤቱ አባላት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቁ። አዋጁ ሲነበብ ጥሩ ነው። ውል ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ መንግሥት ከሚወስነው አይለፍ ይላል። ማን ይጠላል? ነገር ግን አዋጅ ቤት አይሠራም። ቤት ጠፍቶ ተከራይ ሲበዛ ውል ላይ የሚጻፈው ሌላ፣ በእጅ የሚሰጠው ሌላ ይሆናል። የተከራየው ሰው ለወረዳ አመልክቶ ማደሪያውን ከሚያጣ ዝም ማለትን ይመርጣል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የኮሪደር ልማቱ መጣ። የቀበሌ ቤት የነበረው ምትክ ቤት አገኘ፤ በግለሰብ ቤት ተከራይቶ የነበረው ግን ሻንጣውን ይዞ ዳር ወጣ። ዳሩ ላይ ቀድሞ ከነበረው ተከራይ ጋር ለአንዲት ክፍል ተሻማ። ኪራይ በዚህ ካልተወደደ በምን ይወደድ?

«ካልቻላችሁ ከዚያም ዳር ውጡ» የሚለን አይጠፋም። የወጡ ወገኖቻችን ምን ገጠማቸው? በየካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ላይ «ሕገ ወጥ» ተብለው ቤታቸው በዶዘር የፈረሰባቸው ነዋሪዎች አይረሱም። ብዙዎቹ ርካሽ ፍለጋ ከአዲስ አበባ የወጡ ነበሩ። ከዳር ወዲያ ያለውም ዳር ዋጋ አለው፤ እዚያ የሚከፈለው ዋስትና ማጣት ነው።

መንግሥትም መልስ አለው፤ እሱንም እንስማ። «ደሞዝ ጨምረናል» ይላል። እውነት ነው፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ 11,500 ብር ሆኗል። «የዋጋ ግሽበት ወርዷል» ይላል። ይህም እውነት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የነበረው በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ነገር ግን ግሽበት ወረደ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። ቀድሞ ይሮጥ የነበረው ዋጋ አሁን በእርምጃ ይወጣል ማለት ነው፤ ከወጣበት ግን አልወረደም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ከ120 ብር በላይ ገብቷል። ደሞዙ የተጨመረው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። እስቲ ባለ 6,000 ብሩ ሰው ኪራይ ከፍሎ፣ በቀን ሁለቴ መንገድ ተቆራርጦበት፣ ውሃ ገዝቶ ምን ይተርፈዋል? የምትችሉ አስሉት!

አስፋልቱ አምሯል፤ የብስክሌት መንገዱ ተነጥፏል፤ መብራቱ ማታ ማታ ያበራል። ውበት አልጠላም። ግን ከዚያ መብራት ሥር በሌሊት ተነስቶ የታክሲ ሰልፍ የሚይዘው ሰው የሚፈልገው መጀመሪያ አውቶብሱን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ተአምር አይደለም። የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማና የከተማው አስተዳደር አንድ ነገር በግልጽ ይንገሩን፦ ከነዚህ ሰፈሮች በሊዝ የተሰበሰበው ገንዘብ ስንት ነው? ስንቱስ ለዚሁ ሰፈር ውሃ፣ አውቶብስና ትምህርት ቤት ዋለ? ቁጥሩ በየወረዳው ይለጠፍ። የውሃው ፈረቃ በቀንና በሰዓት ይታወቅ፤ ሲዛነፍም ኃላፊው ይጠየቅ። ጠዋትና ማታ ከአያት መሀል ከተማ ያለማቋረጥ የሚሄድ አውቶብስ ይመደብ፤ መንገድ የሚቆራርጠውም ይቀጣ። ኪራይን ለመቆጣጠር የተነሣ መንግሥት ደግሞ ደሞዝተኛ የሚከራየው ቤት ይሥራ እንጂ ወረቀት ብቻ አይመዝግብ።

የዚህ ሰፈር ነዋሪ ርካሽ ኑሮ በነጻ ስጡኝ አላለም። የከፈልኩበትን አስረክቡኝ ነው ያለው። ባለቪላው ሮቶና ጄኔሬተር ገዝቶ ዝም ሊል ይችላል። የሰርቪሱ ተከራይ ግን ዝም ቢል የሚሄድበት ሌላ ዳር አልቀረለትም። ጆሮ ያለው ይስማ!