ዋንጫና ወንበር

በየዓመቱ የስፖርት ኮሚቴ ምርጫ ሲደርስ በግቢያችን የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ «እገሌ ጥሩ ተጫዋች ነውና እሱን እንምረጥ» ይባላል። እኛም ከዚህ ቀደም እንደዚሁ ብለን መርጠናል። ውጤቱን ለማየት የሚፈልግ ሁሉ ወደ መዝናኛው ክፍል ገብቶ የፒንግ ፖንጉን ጠረጴዛ ይመልከት፤ መረቡ ከጠፋ ሁለተኛ ወሩ ነው፥ ጠረጴዛውም የካፖርት ማስቀመጫ ሆኗል። ስለዚህ ድምፃችንን ከመስጠታችን በፊት የአንድ ጃፓናዊ ታሪክ ለማንሣት ወደድን።

ኢቺሮ ኦጊሙራ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ነው። እንደኛው ተማሪ ሳለ በ1954 ዓ.ም. ለንደን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አገሩ ከጦርነት ከወጣች ገና 9 ዓመቷ ስለ ነበረ የጉዞው ገንዘብ የተገኘው በመዋጮ ነው። በ1956 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመው። በነጠላ፥ በጥንድና በቡድን የዓለምን ሻምፒዮንነት በጠቅላላው 12 ጊዜ አግኝቷል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ብዙ ስለ ሆነ በዚህ አንቆይም።

ከዚያ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ ዕውቀቱንም ለገዛ አገሩ ልጆች ብቻ አላስቀረም። ስዊድን ድረስ ሄዶ አስተማረ። በ1971 ዓ.ም. ናጎያ ላይ የ18 ዓመቱ ስዊድናዊ ስቴላን ቤንግትሶን የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፥ በፍጻሜው የተሸነፈው ጃፓናዊው ሺጌዎ ኢቶ ነበር። አንዳንዱ ይኸን «የገዛ ቤቱን አፈረሰ» ይለው ይሆናል። እኛ ግን አስተማሪ ማለት እንዲህ ያለው ነው እንላለን፤ መምህራኖቻችን ይፍረዱን።

በ1987 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ (ከዚህ ወዲያ አንቱ ልንላቸው ይገባናል)። የሰሜንና የደቡብ ኮሪያ ጦርነት በ1953 ዓ.ም. በተኩስ ማቆም ስምምነት ቆመ እንጂ በሰላም ውል አልተቋጨም ነበር። ሚስተር ኦጊሙራ ወደ ሴኡልም ወደ ፒዮንግያንግም ደጋግመው ተመላለሱ፤ ሁለቱ ወገኖች አብረው የሚለማመዱበትንም ስፍራ ጃፓን ውስጥ አሰናዱ። በ1991 ዓ.ም. ቺባ ላይ ኮሪያውያን አንድ ቡድን ሆነው፥ የምድራቸው ሥዕል በሰማያዊ ቀለም በተሳለበት ነጭ ባንዲራ ሥር፥ በብሔራዊ መዝሙር ፈንታ በ«አሪራንግ» ዜማ ተሰለፉ። የደቡቧ ህዩን ጁንግ ህዋና የሰሜኗ ሪ ቡን ሂ የነበሩበት የሴቶች ቡድን፥ 8 ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈችውን ቻይናን 3 ለ 2 ረታ።

እርግጥ ነው፥ በ1993 ዓ.ም. ሁለቱ እንደገና ለየብቻ መጡ፤ ሚስተር ኦጊሙራም በ1994 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው አረፉ። «ታዲያ ድካሙ ምን ፈየደ?» የሚል አይጠፋም። ፌዴሬሽን የሚቋቋመው ሰላም ለማውረድ ሳይሆን ሰዎችን ለማጫወት ነው፤ እሳቸውም አጫወቱ። ይኸንንም ያደረጉት ሜዳሊያቸውን በማሳየት አይመስለንም፤ በር ሲያንኳኩ ባለመታከታቸው ነው።

እንግዲህ ለዘንድሮ ዕጩዎች የምናቀርበው ጥያቄ ስለ ዋንጫቸው ብዛት አይደለም። አዲስ መረብ እስኪገዛ ድረስ ወደየትኛው ቢሮ ስንት ጊዜ ለመመላለስ አስበዋል? የመዝናኛው ክፍል ቁልፍስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማን እጅ ይሆናል?